ዓሣውን ተዪው

ከላይኛው ካምፕ፣ የኮዩኩክ ገባር ወንዝ፣ አላስካ
ኦገስት 2 ቀን 1954

ማርሴላ እህቴ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ትኩሳቱ ለቆሽ፣ ቀና ብለሽ ተቀምጠሽ ያግኝሽ። እኛ ደህና ነን። "ደህና ነን" ስልሽ ቶሎ እንደምትጠረጥሪ አውቃለሁና ደግሜ እጽፍልሻለሁ፤ የምር ደህና ነን። ስለዘገየሁ አትቀየሚኝ። ሳልመን ዓሣው ወንዙን ሽቅብ መውጣት ከጀመረ ወዲህ እጄ ከቢላዋ አልተለየም፤ ወረቀቱም ቢሸትሽ ከዚያ የተነሳ ነው።

አዎ፣ ልጅሽ ቴልማ ትበላለች። የዓሣ ጭንቅላት ቀቅዬ ስሰጣት እንዳንቺው ከዓይኑ ትጀምራለች። የፊት ጥርሷ ወልቋል፤ ስታወራ ያፏጫል። ስላንቺ ትጠይቃለች፣ ግን በየቀኑ አይደለም፤ ገና ሰባት ዓመቷ ነው፣ በዚህ እንዳታዝኚባት። ሳል የለባትም። እንቅልፍ ሲወስዳት ደረቷ ላይ ጆሮዬን አስጠግቼ አዳምጣለሁ፤ የለባትም።

ለምን ይህን ያህል ርቃችሁ ወጣችሁ ላልሽው፣ የወሰነው ባለቤቴ አምብሮዝ ነው። መንደር ውስጥ ሳል ያልገባበት ቤት የለም። "እናቷን ሆስፒታል የወሰደው የሳንባ በሽታ እሷን አያገኛትም፤ እዚያ ላይ የሚያስለው የዓሣ ማጨሻው ጭስ ብቻ ነው" አለኝ። እሱም ራሱ ሰሞኑን ጭሱ እያሳለው ነው። ቦታው ሩቅ ቢሆንም ያንቺ ደብዳቤ ይደርሰኛል። ወደ ማዕድን ማውጫው የሚበረው ፓይለት እዚህ ጠባብ ወንዝ ላይ ማረፍ ስለማይችል ከረጢቱን ጠጠሩ ላይ ጥሎልን ያልፋል። የእኔ ግን ወደ ታች የሚወርድ ሰው እስኪገኝ ይቀመጣል። ይህንን ነገ አምብሮዝ ይዞት ይወርዳል። ጨው ጨርሰናል፣ የጀልባው ሞተር ዕቃ ይፈልጋል፣ የትልቁ ጠመንጃ መምቻም ተሰብሯል። ለእኔ ጥንቸል የምንመታባትን ትንሿን ጠመንጃ ይተውልኛል። ሳምንት አልፈጅም ብሏል።

አንድ ነገር ቀረኝ። ትናንት ዓሣ መስቀያው ሥር ዱካ አየሁ። የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ትልቁ እንስሳ ነው። ሴት ነኝ፣ ስሙን አልጠራም፤ አንቺም በወረቀት እንኳ እንዳትጠሪው። አምብሮዝ አየውና በጫማው ደመሰሰው። እንዳልፈራ ብሎ ነው። እኔ ግን ሲደመስሰው ሳየው ነው የፈራሁት።

እህትሽ ጀስቲና

.

ከሆስፒታል፣ ከባሕሩ ዳርቻ
ኦገስት 14 ቀን

እትዬ ጀስቲና፣

ጥርሷ ወለቀ ማለትሽን አንብቤ ስስቅ ነርሷ መጥታ ተቆጣችኝ። እዚህ መሳቅ ሳንባ ያደክማል ይባላል። ማንበብ በሰዓት ነው፣ መቀመጥ በሰዓት ነው፤ ከአልጋ መውረድማ የለም። ጀርባዬ ፍራሹን መስሏል። ምግቡን ብትጠይቂኝ፣ ሁሉም ነገር ነጭ ነው፤ ድንቹ ነጭ፣ ወተቱ ነጭ፣ ዳቦው ነጭ። ከጎኔ የተኛችው አኒታ የባሕር ጠረፍ ልጅ ናት፤ በእንቅልፏ አቆስጣ የሚሉትን የባሕር እንስሳ ዘይት ትጠራለች። ስትነቃ "እናንተ የወንዝ ሰዎች ምን ታውቃላችሁ" ብላ ትሰድበኛለች። ጥሩ ሴት ናት።

ኪሎ ጨምረሻል ወይ ብትዪኝ፣ ትንሽ ጨምሬያለሁ። ቀዶ ጥገናውን ብትዪኝ፣ ገና አልወሰኑም።

አሁን ወደ ዱካሽ ልምጣ። እትዬ፣ ድብ ነው በይና ይውጣልሽ። ይኸው እኔ ጻፍኩት፤ ድብ። ጣሪያው አልወደቀብኝም። እዚህ ነርሶቹ ለታመሙ ሕፃናት የጨርቅ ድብ ሰፍተው ከራስጌያቸው ያኖሩላቸዋል፤ ልጆቹ ጆሮውን እየጠቡ ይተኛሉ። እናታችን ይህን ብታይ ምን ትል ነበር?

እቀልዳለሁ እንጂ ልቤስ አልቀለደም። ቴልማ ብቻዋን ወደ ውሃ አትውረድ። አምብሮዝ ከተመለሰ በኋላ ደግሞ የትም እንዳይሄድ።

ማርሴላ

.

ከላይኛው ካምፕ
ኦገስት 25 ቀን

ማርሴላ፣

ደብዳቤሽን ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። አትቀየሚኝ። ቴልማ አጠገቤ ተቀምጣ "ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ" ስላለችኝ እያነበብኩላት ነበር፤ ዓይኔ ቃሉን ቀድሞ ሳያየው አፌ ጠራው። የጨርቁ ነገር አሳቃት። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ድንኳኑን እየዞረች ያንን ስም ስትዘምረው ዋለች። ተይ አልኳት፣ ተቆጣኋት፣ በመጨረሻ መታኋት። መትቻት አላውቅም ነበር።

በማግስቱ መጣ። በቀን፣ ፀሐይ እያለ። እኛ ድንኳን ውስጥ ሆነን መስቀያው ሲሰበር ሰማን። ውሾቹ ጮኹ፤ ከዚያ አንዱ ብቻ በሌላ ድምፅ ጮኸ፤ ከዚያ ሁሉም ዝም አሉ። ያ ግራጫው፣ ቴልማ የምትወደው ነው። እሷ አላየችም፤ ሳታየው ቀበርኩት። የት ሄደ ስትለኝ ገመዱን በጥሶ ወደ አምብሮዝ ወርዷል አልኳት። ከዚያ ወዲህ በየሁለት በየሦስት ቀኑ ይመጣል። ጎተራው ግንዶች ላይ ስለቆመ አልደረሰበትም። የዓሣ ማጨሻ ጎጆውን ግን በአንድ ጎኑ ከፍቶታል።

የጻፍሽው ቃል አመጣው አልልሽም። አላመጣውም ብዬም አልምልም።

አምብሮዝ አልተመለሰም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እንዳትጠይቂኝ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልኝ ሽማግሌው ላርስ ነው፤ ከላይ ወርቅ የሚፈልገው። ተራራውን በእግር አቋርጦ ወደ ትልቁ ወንዝ እየሄደ ነው። ያንን የተሰበረ መስቀያ ሲያይ "ልጅቷን ላዝልልሽ፣ አብረን እንሂድ" አለኝ። እምቢ አልኩት። ስሚኝ፤ ጎተራው ውስጥ ያለው የእኛም የውሾቹም የክረምት ቀለብ ነው። አምብሮዝ መጥቶ የተሰበረ መስቀያና ባዶ ድንኳን ቢያገኝስ? ምን ሆኑ ይላል? ላርስ ኮፍያውን አውልቆ ክብሪቱን በሙሉ ሰጥቶኝ ሄደ። ጀርባው ከአኻያው ቁጥቋጦ ኋላ ሲጠፋ ልጠራው አፌን ከፍቼ ነበር።

ጀስቲና

.

ከሆስፒታል
ሴፕቴምበር 5 ቀን

እትዬ፣

ደብዳቤሽ በላርስ በኩል ደርሶኛል። ያ ቃል ሁለተኛ አይወጣኝም።

አምብሮዝ ደህና ነው። ወሬው ከመንደር ደርሶኛል። ያዘገየው ሞተሩ ነው፣ ዕቃው ቶሎ አልተገኘም። የአጎታችን ልጅ ፍራንሲስ በራሱ ጀልባ ሊወስዳችሁ እየመጣ ስለሆነ ካላችሁበት እንዳትነቃነቁ። እሳት አታጥፉ።

እዚህ ሁሉ ሰላም ነው። ቴልማን ሳሚልኝ።

ማርሴላ

.

ከሆስፒታል
ሴፕቴምበር 14 ቀን

እትዬ ጀስቲና፣

ይህን ለብቻሽ አንብቢው። ጮክ ብለሽ አታንብቢ። ቁጭ በይ።

ባለፈው የጻፍኩልሽ ውሸት ነው። አምብሮዝ እዚህ ነው። እዚሁ ሆስፒታል፣ ከእኔ በታች ባለው ፎቅ፣ በወንዶቹ ክፍል ተኝቷል። መንደር በደረሰ ዕለት የሐኪሞች አውሮፕላን ወንዙ ላይ ቆማ፣ ሰው ሁሉ ተሰልፎ ራጅ ይነሳ ነበር። እሱንም አሰለፉት። ከሰዓት በኋላ ፎቶውን አይተው ዕቃህን ያዝ አሉት። ሚስቴ ላይኛው ወንዝ ላይ ናት፣ ልጅ ይዛለች ብሎ ለመናቸው፤ ወደ እናንተ ቢመለስ ያስተላልፍባችኋል አሉት። ያ ያሳለው ጭስ አልነበረም፣ እትዬ። ፍራንሲስን "ሂድና አምጣቸው" ብሎት ነው የተሳፈረው።

በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ራጅ ክፍል ሲገፉኝ ኮሪደር ላይ ፊት ለፊት ተገናኘን። መጀመሪያ አላወቅሁትም፤ ጢሙን ተላጭቷል። እሱ ግን አወቀኝና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። በኋላ ምግብ በምታመላልሰው አስተናጋጅ መልዕክት ላከልኝ፤ "ፍራንሲስ እስኪደርስ አትንገሪያት፤ ብቻዋን ሆና ከሰማች ትሰበራለች" አለኝ። እሺ አልኩት። ይቅርታሽን ሌላ ጊዜ እለምናለሁ፣ አሁን ጊዜ የለም።

ዛሬ የፍራንሲስ ሚስት ጻፈችልኝ። ሁለቴ ሞክሮ አልቻለም። ውሃው ጎድሏል፤ ጀልባው የታችኛው ፏፏቴ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀድዶበት እዚያው ትቶት ነው የተመለሰው። በረዶው ሲጠና በውሻ እሄዳለሁ ይላል። እስከዚያ ምን እንደምትሆኑ ማሰብ አልችልም።

ደብዳቤውን ለአምብሮዝ ላክሁለት። መልሱን አስተናጋጇ በቃሏ ይዛ መጣች፤ አስደግሜ ጻፍኩት፦

"ዓሣውን ተዪው። ሁሉንም። ዓሣው እያለ እሱ አይሄድም። ታንኳዋ ቀላል ናት፤ ውሃው በሳሳበት ወርደሽ ጎትቻት። ዳር ላይ አትደሪ፣ መሐል ወንዝ ያሉት ጠጠር ደሴቶች ላይ እደሪ። ምንም አትቀቅይ። ካገኘሽው አትሩጪ፣ ዓይኑን አትይው።"

ስለ እሱ ትጠይቂኛለሽ። ደም ይተፋል። ይኸው፣ አልደበቅኩም። አሁን ተነሺና ልጄን ይዘሽ ውረጂ።

ማርሴላ

.

ከሆስፒታል
ሴፕቴምበር 29 ቀን

እትዬ፣

ከረጢቱ ደርሶሽ እንደሆነ አላውቅም። ፓይለቱ መጣሉን እንጂ ማን እንዳነሳው አላየም ይላሉ። ይህንን ወደ መንደር እልካለሁ፣ ወርደሽ ታገኚው እንደሆነ።

አምብሮዝ በየጠዋቱ አስተናጋጇን ይልካል። እሷ በሩ ላይ ሆና ታየኛለች፣ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ፣ ትመለሳለች። አኒታ መስደቧን ትታ ትጸልይልኛለች፤ ስድቧ ይሻለኝ ነበር።

አንድ መስመር ጻፊልኝ። ስሟን ብቻ ጻፊልኝ።

ማርሴላ

.

ከመንደር፣ ከፍራንሲስ ቤት
ኦክቶበር 4 ቀን

ማርሴላ፣

ቴልማ። ቴልማ። ቴልማ። ይኸውና ሦስት ጊዜ። አጠገቤ ናት፣ ከረሜላ እየመጠጠች ነው። አሁን እስትንፋስሽን ሰብስቢና የቀረውን አንብቢ።

እንዴት ወረዳችሁ ላልሽው፤ አላልሽም፣ ግን ትያለሽ።

ፓይለቱ ከረጢቱን የጣለው ማዶ ነበር። ማዶ ላይ ደግሞ እሱ ነበር። ከአኻያው ውስጥ ጀርባው ይታየኝ ነበር። ያንን ነጭ ከረጢት ጠጠሩ ላይ እያየሁ ውዬ አደርኩ። በማግስቱ ቴልማን ጎተራው ላይ አውጥቼ፣ መሰላሉን አንስቼ፣ ተሻግሬ አመጣሁት። ካነበብኩት በኋላ ምን ያህል እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ቴልማ ከላይ ሆና "እማማ ምን አለች?" ትለኛለች። "እንድንወርድ ትፈልጋለች" አልኳት። አላለቀስኩም። ማልቀስ የጀመርኩት እዚህ ሰው መሐል ስገባ ነው።

አምብሮዝ ተዪው ቢለኝም ያንን ሁሉ ዓሣ መተው አልቻልኩም። ትንሽ ልጫን ብዬ መሰላሉን መለስኩ። ሁለት እስር አውርጄ ታንኳዋ ላይ ጭኜ ሦስተኛውን ልወስድ ስመለስ፣ ቴልማ ታንኳዋ ውስጥ ብርድ ልብስ ለብሳ ተቀምጣለች፣ እኔ ጎተራው ሥር ነኝ፤ እሱ በመሐላችን ወጣ። ድምፅ አልነበረውም። ያን ያህል የሚያህል ነገር እንዴት ድምፅ አይኖረውም? ሽታው ነው የቀደመው።

ወደ ታንኳዋ ዞረ። ቴልማን አያት። እሷም አየችው፣ አልጮኸችም።

የጥንቸሏ ጠመንጃ ታንኳዋ ውስጥ ናት። እጄ ላይ ያለው ዓሣ ነው። መሮጥ አይሆንም። ዓይኔን መሬት ላይ ጣልኩና ተናገርኩት። እናታችን ስታስተምረን፣ ሴት ሆና ፊቱ የቆመች እንዲህ ትላለች ያለችን ነበር፤ ያንን ግን ረስቼዋለሁ። የራሴን ነው ያልኩት።

"እኛ ምንም አይደለንም" አልኩት። "ባሌ የለም፣ ጠመንጃ የለኝም። ይህ ሁሉ ያንተ ነው፣ ትቼልሃለሁ። ልጅቷ የእህቴ ናት፤ እህቴ ታማለች። እሷን ተውልኝ።"

እና የያዝኩትን ዓሣ በቀስታ አስቀመጥኩ። ሁለቱ እስር ግን ታንኳዋ ውስጥ ናቸው፣ ከልጅቷ እግር ሥር። ይህን ሳስብ ተንበረከክሁ። "ቴልማ፣ የኔ እናት" አልኳት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ "ዓሣውን ወርውሪው። ወደ ውሃው ሳይሆን ወደ ዳር፣ ቀስ ብለሽ።"

ወረወረችው። አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን። እሱም ሄዶ አሸተተው። ጀርባውን ሰጥቶን መብላት ጀመረ። እኔ በዚያኛው በኩል፣ በውሃው ውስጥ፣ እስከ ወገቤ ገብቼ ዞሬ ታንኳዋን ገፋኋት። እስክንርቅ ድረስ ሲያላምጥ ይሰማኝ ነበር። ውሾቹን ጠዋት ፈትቻቸው ነበር፤ ሦስቱ ዳር ዳሩን ተከትለውን ወረዱ። ሌሎቹን አላየናቸውም።

ከዚያ ወዲያ የሚያስፈራው ብርዱ ነበር። የወንዙ ጠርዝ ጠዋት ጠዋት እንደ መስታወት ያለ በረዶ ይይዛል፤ ታንኳዋ ስትሰብረው የሸራ ጎኗን ይቆርጠዋል። ውሃው በሳሳበት እጎትታለሁ፣ ቴልማ የገባውን ውሃ በቆርቆሮ እየቀዳች ትደፋለች። አምብሮዝ እንዳለው ደሴት ላይ እያደርን፣ እሳት ሳናነድድ፣ የጫካ ፍሬ እየበላን ወረድን። እሷ አንድ ቃል አትናገርም ነበር። ድዳ የሆነች መሰለኝ። ከውሃው፣ ከብርዱ፣ ከሁሉም ይልቅ ያ ዝምታዋ ነው ያስፈራኝ። ታንኳዋን በገመድ ይዤ ፏፏቴውን ዳር ዳሩን ካለፍን በኋላ፣ ከሥሩ ፍራንሲስ እዚያ ትቶት የሄደውን የተቀደደ ጀልባውን ሲጠግን አገኘነው። አይቶን መዶሻውን ጣለ። እሱ ሲያወጣት ነው አፏን የከፈተችው። አንገቱን አቅፋ፣ "ስሙን አልጠራሁትም፤ በሆዴም አልጠራሁትም" አለችው። ፍራንሲስ ምን እንደምትል አልገባውም። እኔ ገብቶኝ ፊቴን አዞርኩ።

አንቺን ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር የለም። ብትደብቂም ነግረሽኛል፤ በጊዜው ነግረሽኛል።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። የሐኪሞቹ አውሮፕላን ብርዱ ሳይጠና ሊመለስ ነው። ያልተነሱትን ሁሉ ራጅ ያነሳሉ፤ እኔንም ቴልማንም። ቴልማ ከወንዙ ወዲህ ታስላለች። ከብርዱ ነው ይላሉ፤ የአምብሮዝም ከጭሱ ነበር። ፍራንሲስ "ከፈለግሽ አውሮፕላኑ እስኪሄድ ጫካው ውስጥ ባለው ጎጆዬ ደብቄ አኖራችኋለሁ" ብሎኛል። ያንን እንስሳ ፊቱ ቆሜ ለመንኩት። ይሄን በሽታ ግን ምን ብዬ ልለምነው? ልጅሽ ናት፣ አንቺ ወስኚ። ቶሎ ጻፊልኝ።

ጀስቲና

.

ከሆስፒታል
ኦክቶበር 13 ቀን

እትዬ፣

ሦስት ጊዜ የጻፍሽውን ስም ቀድጄ ትራሴ ሥር አድርጌዋለሁ። የቀረውን ለአምብሮዝ ላክሁለት። እሑድ ዕለት በወንበር ወደ እሱ አወረዱኝ። የእንስሳውን ነገር የጻፍሽበትን ቦታ በጣቱ ይዞ፣ "ዓይኑን አላየችውም አይደል?" አለኝ። አላየችውም አልኩት። "እንግዲያው ደህና አድርጋለች" አለ። ከዚያ ወረቀቱን ፊቱ ላይ አደረገው። እኔም ወደ መስኮቱ ዞርኩለት። እንዴት ነው ብትዪኝ፣ ደሙ ካቆመ ሳምንት ሆኖታል። ሐኪሙ ተስፋ አለው ይላል፤ ዓመት ይፈጃል ይላል። ያሉኝን ነው የነገርኩሽ፣ አልጨመርኩበትም። የእኔን ቀዶ ጥገና ወስነዋል፤ በኖቬምበር ነው። ጎድን አጥንት ያወጣሉ። እፈራለሁ።

አሁን ስለ ቴልማ። አትደብቂያት። ራጅ ይነሳላት። አምብሮዝም እንዲህ ይላል፤ "እኔ ደብቄ ወስጃት ጭሱ ነው እያልኩ በየቀኑ ፊቷ ላይ አስል ነበር" አለኝ።

ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለማንም አልነገርኩትም። የሕፃናቱ ክፍል ከእኛ ቀጥሎ ነው፤ መሐሉ የመስታወት በር ነው። ደብዳቤሽን ካነበብኩ ወዲህ አንድ ባዶ አልጋ እዚያ ይታየኛል። ከታመመች ታመጣታለች ያቺ አውሮፕላን። በመስታወቱ አያታለሁ። ጥርሷ በቅሎ እንደሆነ አያለሁ። ጤነኛ ከሆነች ግን ዓመት፣ ምናልባት ሁለት ዓመት አላያትም፤ ከቢላዋው ካልተነሳሁም መቼም አላያትም። ሌት ተቀን እጸልያለሁ፣ እትዬ፣ ግን የትኛውን እየለመንኩ እንደሆነ አላውቅም። ይህን ያሰበች እናት ናት የምትወስነው?

ራጅ አስነሻት። ያዩትን ጻፊልኝ።

ማርሴላ

.

ከመንደር
ኦክቶበር 27 ቀን

ማርሴላ እህቴ፣

ይህን አውሮፕላኗ ሳትነሳ ልስጣቸው ብዬ ቆሜ ነው የምጽፈው፤ ጽሕፈቴን አትይው።

ቴልማ በራሷ እግር አውሮፕላኗ ላይ ወጣች። የራጁ ብረት ደረቷን ሲነካት ቀዘቀዘኝ አለች፤ "ትንፋሽሽን ያዢ" ሲሏት ከፎቶውም በኋላ ይዛ ቀረች፣ ተንፍሺ ብለው ነው ያስለቀቋት። እኔ እሷ እስክትወርድ ውጭ በረዶው ላይ ቆሜ ነበር። ሐኪሙ ፎቶውን ወደ ብርሃኑ አንስቶ ብዙ አየው። ብዙ ጊዜ ማየቱ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ብዬ ነርሷን በዓይኔ ጠየቅኋት።

ንጹሕ ነው። የእኔም ንጹሕ ነው። ሳሉ የብርድ ነው።

ያቺ አልጋ ባዶዋን ትቆያለች፣ ማርሴላ። ቴልማ አትመጣም። ስለማትመጣ እንኳን ደስ አለሽ፤ ስለማትመጣም አይዞሽ።

ጀስቲና